«ኮንፈረንስ» ሁሉ «ጉባኤ» ሆኖብኝ ተቸግሬያለሁ፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የተባበረችው ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የአስተዳደር ቃላትን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፤ ጽሑፉ ፒያሳ ይታተማል፣ አንባቢዎቹም ከኦርቶዶክስም ከመካነ ኢየሱስም ናቸው። ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል።

በየ4 ዓመቱ ተሰብስቦ ሕግ የሚያወጣውን «ጠቅላላ ጉባኤ» ብዬ አልፌዋለሁ። «አኑዋል ኮንፈረንስ» ግን «ዓመታዊ ጉባኤ» ሲባል አንባቢው የጥቂት ቀን ስብሰባ ብቻ ይመስለዋል። ስብሰባም ነው፣ አካባቢያዊ መዋቅርም ነው፤ የቀሳውስቱ አባልነት በአጥቢያ ሳይሆን እዚያ ነው የሚያዘው። የመካነ ኢየሱስ «ሲኖዶስ» በመዋቅር ይቀርበዋል፤ ነገር ግን ኦርቶዶክሱ ሲኖዶስ ሲባል የጳጳሳት ጉባኤ ነው የሚታየው፣ እዚህ ግን ምእመናንም ድምፅ ይሰጣሉ።

«ኤልደር» ወጥመድ ነው። «ሽማግሌ» በእኛ ወንጌላውያን ዘንድ ከምእመናን የሚመረጥ ነው፤ በሜቶዲስት ግን ክህነት የተቀበለ፣ ጳጳሱ የሚመድበው አገልጋይ ነው። ለጊዜው «ቄስ» ብያለሁ። «ዲያቆን» ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ የቅስና መሸጋገሪያ መሆኑ ቀርቶ ቋሚ ማዕረግ ሆኗል፤ የግርጌ ማስታወሻ ይበቃው ይሆን?

«ዲስትሪክት»ን «ወረዳ» ብለው የመታወቂያ እድሳት ትዝ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1742 እንግሊዝ አገር ብሪስቶል የተጀመረው፣ 12 ያህል ሰው የሚይዘው የምእመናን ቡድን፣ «ክላስ»ም «ክፍል» ሲባል ተማሪ ቤት ይመስላል፤ «የጸሎት ቡድን» እንዳልል መሪው በየሳምንቱ ገንዘብም ይሰበስብ ነበር።

የምትጠቀሙበት ቃል ካለ ከነዓረፍተ ነገሩ ጻፉልኝ። ከሁሉ አስቀድሞ «አኑዋል ኮንፈረንስ»ን፣ እባካችሁ።