ካርቦን ፋይበሬ ፊቱ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይወጣል፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ

ሰላም ጓዶች፣ አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለድሮን የሚሆን የካርቦን ፋይበር ሽፋን ልሰራ እየታገልኩ ነው በቃ ጨነቀኝ። ጨርቁ በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚባለው ትዊል (በሰያፍ የተሸመነ) ነው፣ 3 ድርብ አድርጌ ኢፖክሲውን (ሲደርቅ ጨርቁን የሚያጠነክረውን ሬዚን) በብሩሽ እቀባና ከላዩ ፒል ፕላይ (ሲደርቅ ተልጦ የሚነሳ ጨርቅ)፣ የተበሳሳ ፕላስቲክ፣ ትርፉን ሬዚን የሚመጥ ጨርቅ ደርቤ በላስቲክ አሽጌ አየሩን በአሮጌ የፍሪጅ ኮምፕረሰር እስባለሁ (ከምናለሽ ተራ ነው ያገኘሁት፣ ጩኸቱ ከጎረቤት አጣልቶኛል)።

ከሻጋታው ሲወጣ ግን ፊቱ በመርፌ የተወጋጋ ነው የሚመስለው። ጌጁ ከ0.7 ባር አልፎ አያውቅም፣ ፓምፑን ስረግም ከረምኩና በኋላ ሲገባኝ ለካ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ራሱ 0.76 ባር አካባቢ ነው፣ ከዛ በላይ ከየት ይምጣ! ባህር ጠለል ላይ ያለ ሰው 1 ባር ገደማ ይጫንለታል።

ታዲያ ጥፋቱ የግፊቱ ማነስ ነው ወይስ የብርዱ? አሁን ክረምት ስለሆነ ሬዚኑ እንደ ማር ይወፍርና አረፋውን አይለቅም፣ ሙቅ ውሃ ላይ ሳስቀምጠው ይቀጥናል ግን ቶሎ ይደርቃል፣ አንዴማ ኩባያው ውስጥ እንዳለ ጨሰብኝ። መጀመሪያ ሻጋታው ላይ ሬዚን ብቻ ቀብቼ ማጣበቅ ሲጀምር ጨርቁን ባስተኛ ይሻላል? ወይስ ወደ ኢንፊውዥን (ደረቁን ጨርቅ አሽጎ ሬዚኑን በፓምፕ ስቦ ማስገባት) ልዙር? እሱ ደግሞ ትንሽ አየር ካስገባ ሁሉም ገደል ነው። ፕሪፕሬግ (ሬዚን ቀድሞ የገባበት ጨርቅ) ብቻ እንዳትሉኝ፣ ፍሪዘሩም ኦቨኑም የለኝም። የሞከራችሁት ካላችሁ ላስቲኩ የቱ ጋ እንደሚያስተነፍስ በምን እንደምታገኙትም ንገሩኝ