ካርታ ቆጣሪ ራሱን ቢደብቅ አታላይ ነው?

ክርክር ከፋቹ፦ የቁማር ከተማዋ ላስ ቬጋስ ያላችሁም የሌላችሁም ግቡበት። ብላክጃክ በሚባለው የካርታ ቁማር ላይ የወጡትን ካርታዎች በጭንቅላቱ የሚቆጥር ሰው፣ ካሲኖው እንዳይነቃበት ዊግ ቢያደርግ፣ የሰከረ ቢመስል፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ጓደኛውን እንደማያውቀው ቢሆን፣ ይሄ ማታለል ነው ወይስ ጨዋታ? እኔ ማታለል ነው ባይ ነኝ። መቁጠሩ ሳይሆን መደበቁ። ባለቤቱ "አንተን አላጫውትም" ካለህ በኋላ ፂም ለጥፎ መመለስ ምን ይባላል?

የሒሳብ መምህሩ፦ ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ቆጠራው ምን እንደሆነ እንግባባ፤ ግማሹ ሰው አስማት ይመስለዋል። ከ2 እስከ 6 ያለ ካርታ ሲወጣ አንድ ትደምራለህ፣ 10፣ ባለምስል ወይም ኤስ ሲወጣ አንድ ትቀንሳለህ፣ ሌላውን ታልፈዋለህ። ድምሩ ከፍ ካለ የቀሩት ለተጫዋቹ የሚያዋጡት ትልልቆቹ ናቸው፣ ያኔ ውርርድህን ትጨምራለህ። በቃ። መቁጠር እንደሚያዋጣ አስልቶ በ1962 በመጽሐፍ ያወጣው ኤድዋርድ ቶርፕ የሒሳብ ሰው እንጂ ማጅራት መቺ አይደለም። ትርፉም ከ100 ዶላር አንድ ዶላር ገደማ ነው፣ ያውም ሳትሳሳት። ቬጋስ ባለችበት ኔቫዳ ግዛት ውስጥ በጭንቅላት መቁጠር ወንጀል አይደለም፣ በመሣሪያ መቁጠር ነው ወንጀሉ። ታዲያ ሕግ ያልከለከለውን የሚሠራ ሰው "ቆጣሪ ነኝ" ብሎ ደረቱ ላይ ይለጥፍ?

ዲለሯ፦ እኔ ካርታ የማድል ነኝ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ፣ የማየውን ልንገራችሁ። ሰው የሚነቃበት በብሩ ነው። 25 ዶላር ሲያስይዝ የቆየ ሰውዬ ድንገት 300 ካስቀመጠ ለተቆጣጣሪዬ ጮክ ብዬ መናገር ግዴታዬ ነው። ከላይ በካሜራ የሚከታተሉት ደግሞ ካርታውንና ውርርዱን አንድ ላይ ያያሉ። ብሩ ከፍ ዝቅ የሚለው ከቆጠራው ጋር እኩል ከሆነ አለቀ። መጥተው በትህትና "ብላክጃክ ይብቃህ፣ ሌላ ጨዋታ ተጫወት" ይሉታል። ግን ቆጣሪ ነኝ ብሎ የሚመጣውን አብዛኛውን ካሲኖው ይወደዋል። ሁለተኛው ዊስኪ ላይ ቁጥሩ ይጠፋበታል።

ታክሲ ነጂው፦ ታዲያ አታላዩ ማነው? ሰዓት የለ፣ መስኮት የለ፣ መጠጡ በነፃ። የሚሸነፈውን የሆቴል ክፍል በነፃ ሰጥተው ያንቀባርሩታል፣ የሚያሸንፈውን ወደ በር! ጠላ ቤት ከፍቶ የማይሰክረውን ማባረር ማለት ይሄ ነው።

ክርክር ከፋቹ፦ ባለ ጠላ ቤቷም "ላንተ አልቀዳም" የማለት መብት አላት እኮ ወንድሜ።

የሕግ ተማሪዋ፦ እሱ መብት እንደ ክፍለ ግዛቱ ነው። ኬን አስተን የሚባል ታዋቂ ቆጣሪ ነበር፣ መልኩን እየቀያየረ ይገባል ተብሎ የሚወራለት። ኒው ጀርሲ ግዛት፣ አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ ሪዞርትስ ኢንተርናሽናል የሚባል ካሲኖ ሲያባርረው ከሰሰ፣ በ1982 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ካሲኖው በራሱ ፈቃድ ቆጣሪን ማባረር አይችልም፣ ደንብ የሚያወጣው የመንግሥት ኮሚሽን ነው ተባለ። ድል ይመስላል አይደል? ከዚያ ወዲህ ካሲኖው የጠረጠረው ሰው ሲቀመጥ መሐል ላይ ካርታውን ይበውዛል፣ የውርርዱን ጣሪያ ያወርድበታል፣ 8 ጥቅል ካርታ አንድ ላይ ይጠቀማል። አላባረሩህም፣ ግን ተቀምጠህ ምን ልትሠራ? ስለዚህ "ሕግ ይፍረድልን" የምትሉ ሰዎች ይሄን አስቡበት።

መደበቅን በተመለከተ እኔ መስመሬ መታወቂያ ላይ ነው። ዊግ ልበስ፣ ሰካራም ምሰል፣ ጉዳዬ አይደለም። በቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ካንቀሳቀስክ ግን ካሲኖው ለፌዴራል መንግሥት ሪፖርት ያደርጋል፣ እዚያ ላይ የሐሰት ስም መስጠት ወይም ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሩን መከፋፈል ቀልድ አይደለም፣ እስር ቤት ያስገባል። እንዳትመለስ ተብለህ ተመልሰህ ብትገኝም ኔቫዳ ውስጥ በሰው ይዞታ በመግባት ትከሰሳለህ።

አንድ አባት፦ ልጆች፣ ሁሉም ቁማር ነው። ቆጥረህ በላህ ሳትቆጥር ተበላህ፣ ለውጡ ምንድነው?

ዲለሯ፦ ጋሼ ልክ ነዎት፣ እኔም ልጆቼን አላስጠጋም። ግን የቤት ኪራዬን የሚከፍልልኝ ይሄው ጠረጴዛ ነው።

የሒሳብ መምህሩ፦ ለውጥማ አለው ጋሼ። አንዱ ዕድል ይጠብቃል፣ አንዱ ያሰላል። ደግሞ መስመሩን መታወቂያ ላይ ያልሽው ተስማምቶኛል። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ድሮ ብላክጃክ ስታገኝ፣ ማለትም ኤስና 10 ወይም ባለምስል አንድ ላይ ሲደርሱህ፣ በ10 ዶላር 15 ይከፈልህ ነበር፤ አሁን ቬጋስ ውስጥ ብዙ ርካሽ ጠረጴዛ ላይ 12 ነው። ይቺ 3 ዶላር የማትረባ ትመስላለች፣ ግን ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ውርርድ 1.40 ገደማ ትወስዳለች። ቆጣሪው የሚለፋበትን ትርፍ በሙሉ፣ ከነማይቆጥረው!

ክርክር ከፋቹ፦ እሱን ግን ጠረጴዛው ላይ ጽፈውታል፣ አልደበቁም። ያንተ ቆጣሪ ምን የጻፈው ነገር አለ?

ታክሲ ነጂው፦ ጽፈውታል፣ ቺፕ (በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዙት ክብ ነገር) በሚደረደርበት ጨርቅ ላይ። እሱን አንብቦ የተነሳ ሰው እስካሁን ታክሲዬ ውስጥ አልገባም 😂

ዲለሯ፦ ፂሙን በሚመለከት ግን፣ እኔ ፂም ጠቁሚ የሚል ትእዛዝ የለብኝም። 300ውን ነው የምናገረው።