ጋላቢ የሌለው ፈረስ «ነፃ» ነው?

የፒያሳው፦ ትናንት እዚህ የተለጠፈውን አይታችሁልኛል? ፈረንሳዊው ሰዓሊ ቴዎዶር ዤሪኮ እ.ኤ.አ. በ1817 ሮም ሳለ የነደፋቸውን ፈረሶች አቅርቦ «ጋላቢ የሌለው ፈረስ ነፃ ተፈጥሮ ነው፤ የሚይዙት ሰዎች ሥልጣን ናቸው» ይለናል። ነፃ! እነዚያ ፈረሶች እኮ በሮም ካርኒቫል ያለ ጋላቢ ይሮጡ የነበሩ የእሽቅድምድም ፈረሶች ናቸው። ጎናቸው ላይ ሹል ብረት ያለበት ኳስ ይንጠለጠልባቸው ነበር። ሲሮጡ ይወጋቸዋል፤ ሲወጋቸው ይሮጣሉ፤ እንዲያ ነበር። ከፒያሳ ዴል ፖፖሎ አደባባይ እስከ ፒያሳ ቬኔዚያ፣ ግራና ቀኝ በሰው ታጥረው። ይሄ ነው ነፃነቱ?

ሰምና ወርቅ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ በስሜ ጥራኝ። የጻፍኩት ስለ ሥዕሉ ነው፣ ስለ እሽቅድምድሙ አይደለም። እስቲ ሥዕሉ ላይ ኳሱን አሳየኝ።

የፒያሳው፦ ስላልሳለው አይወጋም ማለት ነው?

ሰምና ወርቅ፦ ስላልሳለው አልፈለገውም ማለት ነው። ደጋግሞ ከሳለው ውስጥ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ባለው ላይ የዘመኑ ተመልካች ተደርድሯል። ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ባለው ግን ሰዎቹን የጥንት ሰው አስመስሎ ራቁታቸውን አስቀርቷቸዋል። ካርኒቫሉን ራሱ እያጠፋው ነው የሄደው። የቀረው ሰውና ፈረስ ነው።

እናት ዓለም፦ ሁለታችሁም ዓይናችሁ ፈረሱ ላይ ብቻ ነው። ፈረንሳይ፣ ሩዋን ከተማ ሙዚየም ያለውስ? ርዕሱ «በባሪያዎች የተያዘ ፈረስ» ነው። «ሥልጣን» ያልካቸው እነዚህን ነው? ሰኮና ሥር ገብተው የሚታገሉትን? የእሽቅድምድሙን ሽልማት ይወስድ የነበረው እኮ የፈረሱ ጌታ ነው። እሱ ሥዕሉ ውስጥ የለም። ሥልጣን ማለት እሱ ነው፣ ላብ የማይነካው።

ሰምና ወርቅ፦ ርዕስ ብዙ ጊዜ ሰዓሊው ከሞተ በኋላ ነው የሚለጠፍ። በርዕስ አትከራከሪኝ።

እናት ዓለም፦ ኳስ አሳዩኝ ስትል ቆይተህ ባሪያ ስናሳይህ ርዕስ ነው አልክ። ጥሩ ነው።

አባ ልጓም፦ ልጆች፣ ዤሪኮን አብዮተኛ አታድርጉት። የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 18ኛ ፈረሰኛ ዘብ የነበረ ሰው ነው። በ1815 ንጉሡ ሲሸሽ አጅቧል። ፈረስ ይወድ ነበር፣ ሳለ፤ በቃ።

እናት ዓለም፦ ጋሼ፣ «በቃ» ብሎ ነገር የለም። ያው ዘብ ነው በ1819 ከሜዱዝ፣ ከፈረንሳይ መንግሥት መርከብ አደጋ የተረፉትን ሥሎ መንግሥትን ያሳፈረው።

አባ ልጓም፦ የኔ ልጅ፣ እኔ ፈረስ ያለበት ቤት ነው ያደግኩት። የተቆጣ ፈረስ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል። የፈራ ደግሞ የዓይኑ ነጭ ይወጣል። መጀመሪያ እሱን እዩ፣ ፍልስፍናው ይደርሳል።

የፒያሳው፦ ጋሼ እንዳሉት ይወድ ነበር፤ የወደደውም ገደለው። በ32 ዓመቱ ፈረስ ጥሎት ሞተ።

አባ ልጓም፦ ጥሎት አልሞተም። ደጋግሞ ወድቆ፣ ታሞ፣ ከብዙ ስቃይ በኋላ ነው በ1824 የሞተው። ፈረስን አታስወቅስ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም።

እናት ዓለም፦ ይኸው! ተረቱም ለባለቤቱ ሆነ።

ሰምና ወርቅ፦ ኳሱን ግን እስካሁን ማንም አላሳየኝም።

የፒያሳው፦ ፈረሱን ጠይቀው።