ጌሾ «የገጠር ተክል» ነው ተባልን

የአራት ኪሎዋ፦ ትናንት በሰፈራችን ስብሰባ አንድ ኃላፊ ተነሥተው፣ ግቢው ከመንገድ የሚታይ ሁሉ በቆሎውን፣ ጌሾውንና ኮባውን ነቅሎ ሣርና አበባ ይትከል አሉ። ምክንያታቸው «የገጠር ተክል መሃል ከተማን አይመጥንም» የሚል ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእኛ ጌሾ ግንዱ ክንዴን ያክላል። እናቴ ለፋሲካ ጠላ ስትጠነስስ ቅጠሉን ሸምጥጣ በሰፌድ በረንዳው ላይ ታሰጣው ነበር፤ ዛሬም እኔ እዚያው አሰጣዋለሁ።

የግንፍሌው፦ እህቴ፣ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በኮሪደር ልማቱ ስንት ተደከመበት! ደግሞ በቆሎ ሰው ይደብቃል። ባለፈው ክረምት ሌባ ከጎረቤቴ በቆሎ መሃል ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የገጠር ተክል ለገጠር ይሁን።

የአራት ኪሎዋ፦ አንተም «የገጠር ተክል» አልክ! እኔ ስለ ጌሾ ነው የማወራው፤ ጌሾ ውስጥ ማን ይደበቃል?

አትክልተኛው፦ የከተማ ተክል የሚባለው የትኛው ነው? ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ማገዶ አልቆ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲታሰብ አዲስ አበባን ያቆያት እሱ ነው። ጃካራንዳም የደቡብ አሜሪካ ነው። ጌሾና እንሰት ግን የዚሁ አገር ናቸው። እነሱን ከከተማ የሚያስወጣ ምን ሚዛን ነው?

የግንፍሌው፦ ባሕር ዛፍ አታንሣብኝ፤ የጎረቤቴ ሥሩ አጥሬን ሰንጥቆታል።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ድንበርህን ያለፈውን ሥር ቁረጠው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይፈቅድልሃል። የልጅቷን ጌሾ ግን ምን አገናኘው? መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 በጉልበቴና በገንዘቤ ላደረግሁት ቋሚ መሻሻል መብት ሰጥቶኛል። ንቀል የሚለኝ ሰው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ ይምጣ። በቃል አልነቅልም።

የኮንዶሚኒየሟ፦ አባቴ፣ እርስዎስ ግቢ አለዎት። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ጤና አዳምና ቃሪያ የማበቅለው በዘይት ጀሪካን ነው። በ2015 የሌማት ትሩፋት ሲባል በጓሯችሁ አልሙ ተባልን፤ አሁን ንቀሉ። የትኛውን እንስማ?

የግንፍሌው፦ የሌማት ትሩፋት ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር ነው፤ በቆሎ የለበትም።

የኮንዶሚኒየሟ፦ ዶሮዋ ምን ትበላለች?

የግንፍሌው፦ እሺ፣ በቆሎው ከጓሮ በኩል ይሁን። ጌሾ ግን ከገበያ ይገዛል፤ ለጠላ የሚፈለገው እንጨቱ ነው።

የአራት ኪሎዋ፦ እንጨቱ ብቻ ያልከው ለጠጅ ነው! ለጠላ ቅጠሉም እንጨቱም ይገባል። የገበያው መቼ እንደተለቀመ አይታወቅም፤ የእኔን ጠዋት ለቅሜ፣ አሽትቼ ነው የማሰጣው።

ጡረተኛው፦ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንኑ ተናገሪ፤ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።

የግንፍሌው፦ እኔም እመጣለሁ፤ ስለ በቆሎው ካልኩት ግን ንቅንቅ አልልም።