ባለ ቀይ ቆቧን ልጅ እንደገና ስጽፍ አዳኙን ምን ላድርገው?

ብዕር_እና_ብርጭቆ፦
ባለ ቀይ ቆቧን ልጅ፣ ተኩላ አያቷን መስሎ የሚያታልላትን ማለቴ ነው፣ በሴቶች ዓይን እንደገና እየጻፍኩ ነው፤ 800 ቃል ገደማ፣ ለ10 ዓመት ልጆች የሚነበብ። አዳኙን አውጥቼ ለልጅቷ ሰይፍ ሰጠኋት፣ የተኩላውን አንገት ትቆርጣለች። ሲነበብ ግን ደረቅ ነው። የቱ ጋ ተበላሸ?

የላም_በረት፦
ሰይፉ ነው ያበላሸው። አዳኙን አባረርሽ እንጂ ሥራውን አልሰረዝሽም፣ ለልጅቷ ሰጠሻት። (ቃሉ ራሱ ጉደኛ ነው፦ ጠብቆ ሲነበብ አውሬ አሳዳጅ፣ ላልቶ ሲነበብ ነፍስ አትራፊ።)

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሻርል ፔሮ በ1697 ባሳተመው አዳኝ የለም፤ ልጅቷን ተኩላው ይበላታል፣ አለቀ። የተኩላውን ሆድ በመቀስ ቀዶ የሚያወጣት አዳኝ ያለው ጀርመናውያኑ ግሪም ወንድማማቾች በ1812 ባወጡት ነው። በፈረንሳይ ገጠር በቃል ሲነገር የቆየውን ግን ተመልከቺ። ልጅቷ አልጋ ላይ ሆና «ደጅ ልውጣ፣ ሽንቴ መጣ» ትላለች። «እዚሁ ሽኚ» ይላታል ተኩላው። እምቢ ስትል እግሯን በገመድ አስሮ ይለቃታል። እሷ ገመዱን ፈትታ ግቢ ካለው የፕሪም ዛፍ ጋር ታስርና እብስ! ከኛ የጦጣ ተረት በምን ይለያል?

ቀለም_ቀንድ፦
ረቂቁ ላይ ልጅቷ ባለቤት የሆነችባቸውን ግሦች አስምሪባቸው። «ተላከች፣ ተታለለች፣ ተዋጠች» በዝቶ «ጠረጠረች፣ ጠየቀች፣ ፈታች» ካነሰ ሰይፍ አያድናትም። በ«ተ» የጀመረ ሁሉ ግን አይቆጠርም፤ «ተነሳች» የራሷ ሥራ ነው።

የእናትየዋን «ከመንገድ እንዳትወጪ» ደግሞ ሰርዢው። ፔሮ ጋ የለም። ግሪሞቹ ጋ ግን ጥፋቱን ልጅቷ ላይ የሚደፈድፈው እሱ ነው።

አያት_ትኑር፦
አያትየዋንስ ማን ያስታውሳት? ግሪሞቹ መጨረሻ ላይ በቀጠሉት አጭር ትረካ ሌላ ተኩላ ይመጣል። በሩን ይቆልፉበታል፣ ጣሪያ ላይ ይወጣል። አያትየዋ ቋሊማ የተቀቀለበትን ውሃ በድንጋይ ገንዳ ታስሞላለች፤ ሽታው ሲስበው ተንሸራቶ ገብቶ ይሰምጣል። አዳኝ ዝር አላለም።

ከ800ው ቃል 250ውን ለምልልሱ ስጪ። «አያቴ፣ ጆሮዎ ምነው ተለቀ?» «ዓይንዎስ?» እያለች በአንቱ ትቆይና «ጥርስህስ?» ትበል። «ያኔ ገባት» ብለሽ አትጨምሪበት።

ብዕር_እና_ብርጭቆ፦
በብዙ ቤት አያት «አንቺ» ነው የምትባለው እኮ።

አያት_ትኑር፦
ይሻላል እንጂ! «ጆሮሽ፣ ዓይንሽ፣ ጥርስህ»፤ ቀሚስ ለብሶ የተኛው ሰውዬ በአንድ ፊደል ይጋለጣል። አራሚው ግን የፊደል ግድፈት መስሎት «ጥርስሽ» እንዳያደርገው ኅዳጉ ላይ ጻፊለት።

የላም_በረት፦
አንድ ነገር፦ ገመዱን ካስገባሽ «ጥርስህ» አልጋው አጠገብ አይባል። መነቃቱን ካወቀ ደጅ አይለቃትም፣ ታሪኩ እዚያው ይቆማል። ክፍል ውስጥ «ጆሮሽ፣ ዓይንሽ» ብላ ትቁም፤ ገመዱ ዛፉ ላይ ከታሰረ በኋላ ከአጥሩ ማዶ ትጩኸው።