ገጣሚዎቹን በምን እንከፋፍላቸው? የንባብ ምሽቶቹ ዕቅድ

ሰብሳቢ፦ ውድ አባላት፣ በዘመናችን ገጣሚዎች ሕይወት ላይ ለምናዘጋጃቸው ምሽቶች የጋራ የዕቅድ ሐሳባችንን እስከ ዓርብ መቋጨት አለብን። ረቂቁ «ስደተኞች»፣ «እስረኞች የነበሩ»፣ «አካል ጉዳተኞች» እያለ ይከፍላቸዋል። ምን ትላላችሁ?

ዋና ጸሐፊ፦ አከፋፈሉን አልተቀበልኩትም። ኢልያ ካሚንስኪን የት ልናስቀምጠው ነው? እ.ኤ.አ. በ1977 በዛሬዋ ዩክሬን ኦዴሳ ከተማ ተወለደ። በ4 ዓመቱ የያዘውን ጆሮ ደግፍ ሐኪሙ ጉንፋን ነው ብሎ ስላለፈው የመስማት ችሎታውን አጣ፤ በ1993 ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ ጥገኝነት አገኘ። አንዱን ሰው ለሁለት እንቁረጠው?

የንባብ ክፍል ተጠሪ፦ እኔን ያሳሰበችኝ ቻይናዊቷ ዩ ሺዩኋ ናት። በገጠር መንደር ያደገች፣ ከውልደቷ ጀምሮ እንቅስቃሴዋን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት ያለባት ሴት ናት። ፊደል ለመጻፍ በግራ እጇ የቀኝ እጇን አንጓ አጥብቃ መያዝ ነበረባት። ግጥምን የመረጠችው ከጽሑፍ ሁሉ ጥቂት ቃል ስለሚበቃው እንደሆነ ራሷ ተናግራለች። የምትጽፈው ግን ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ ስንዴ ማሳ ነው። «አካል ጉዳተኞች» በሚል ምሽት ካቀረብናት አድማጩ እጇን እያሰበ ፍቅሯን ሳይሰማ ይወጣል።

ገንዘብ ያዥ፦ እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው፤ ሆኖም ሕይወታቸውን እንዳንደብቅ እሰጋለሁ። አሜሪካዊው ሬጂናልድ ድዌይን ቤትስ በ16 ዓመቱ ታሰረ። ለብቻው ተዘግቶበት ሳለ አንድ የግጥም መድበል በበሩ ሥር ተንሸራቶ ገባለት፤ ከዚያ በኋላ ገጣሚ ሆነ፣ ኋላም በዬል ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ። ያቺን በር ሳያውቅ ግጥሞቹን የሚሰማ ሰው ብዙ ይቀርበታል።

ዋና ጸሐፊ፦ እንግዲያው እያንዳንዱን ግጥም ሁለት ጊዜ እናንብበው። መጀመሪያ ያለ ስምና ያለ ታሪክ፤ ቀጥሎ ሕይወቱ ይተረክና ያው ግጥም ይደገም። ክፍፍሉ ይቅር።

የንባብ ክፍል ተጠሪ፦ እስማማለሁ፤ ገጣሚው «ለምን ሲሳይ» ሲቀርብ ግን ስሙ ይቅደም። ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ ተወልዶ በሌላ ስም ነው ያደገው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ያወቀው በኋላ ነው። እርሱን ያለ ስም ማቅረብ አይሆንልኝም።

ሰብሳቢ፦ ተቀብያለሁ፣ በረቂቁ ይግባ። የተርጓሚዎች ስምም ከገጣሚው እኩል ይጻፍ። የካሚንስኪ ምሽት ያለ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዳይካሄድ አደራ።

ገንዘብ ያዥ፦ የአስተርጓሚውን ክፍያ ከአዳራሹ ኪራይ አስቀድሜ በበጀቱ ላይ አስፍሬዋለሁ።