ወንድሜ እንቅልፍ ሳይጠግብ መሪ ይይዛል፣ ምን ብዬ ላናግረው?

እህቱ ከአዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ የጅቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ ነው የሚነዳው። በቢያጆ መሃል እዚህ አዳማ ቤታችን ያርፋል። ያርፋል ስል ለስሙ ነው። ቀኑን ሞጆ ደረቅ ወደብ ለማራገፍ ወረፋ ሲጠብቅ ይውላል፣ ከዚያ ጋራዥ፣ ከዚያ ጎማ፣ ማታ ደግሞ ጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል፣ ጋደም ብሎ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ባለንብረቱ ይደውልና "ተነስ፣ ጭነት አለ" ይለዋል። ጫቱን ይዞ ይወጣል። ስናገረው "እኔ ራሴን አውቃለሁ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ይሰማኛል" ነው መልሱ። ሰሞኑን ደግሞ ከመተሐራ እስከ አዋሽ ያለውን መንገድ እንዴት እንዳለፈው እንደማያስታውስ ለረዳቱ እየሳቀ ሲያወራ ሰማሁት። በጣም ነው የደነገጥኩት። ሹፌሮች ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ቡናና ጫቱ በርግጥ ያነቃዋል? እንዴት ብዬ ባናግረው ይሰማኛል?

የድሮ ሹፌር፦
እህቴ፣ እንኳን ደነገጥሽ። "እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም" ያለ ሹፌር ዓይኑ ተከፍቶ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። ያንን መስመር ለረጅም ጊዜ ሠርቼበታለሁ። እንቅልፍ ድንገት አይጥልም፣ ምልክት ይሰጣል። ማዛጋት ይጀምርሃል፣ ዓይንህ ይቆጠቁጣል፣ ከፊትህ ያለውን መኪና የኋላ መብራት ብቻ እያየህ ትከተላለህ፣ ማርሽ መቀየር ትዘገያለህ። ጎማው ከአስፋልት ወጥቶ ጠጠር ሲረግጥ ባንነህ ከነቃህ ደግሞ ምልክቱ አልፏል፣ ተኝተህ ነበር።

መንገዱም ያግዘዋል። ወለንጪቲና መተሐራ አካባቢ ባጃጅ አለ፣ ከብት አለ፣ ሰው ይሻገራል፣ ዓይን ሥራ አያጣም። ከአዋሽ አርባ ወደ ገዋኔ ከታጠፍክ በኋላ ግን ቀጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ከራስህ መብራት ሌላ የሚታይ የለም። ቀን ሙቀቱ ጎማ ያፈነዳል ብለን ሌሊት እንነዳለን፣ ታዲያ ቀን በዚያ ሙቀት ጋቢና ውስጥ ማን ይተኛል? ላብ ሲያጠምቅህ ትገላበጣለህ እንጂ እንቅልፍ አይባልም። በዚህ ላይ ቆሞ መተኛት የሚፈራበት ምክንያት አለ፣ ናፍጣ ይቀዳል፣ ሸራ ይቀደዳል፣ ጭነት ይጎድላል። ሰው ይህን ሳያውቅ "ለምን ዝም ብሎ አይተኛም" ይላል። መኪኖች ተሰብስበው በሚያድሩበት ቦታ፣ አዋሽ ወይም ሚሌ፣ ቆሞ ረዳቱ እየጠበቀ እሱ ይተኛ። ረዳቱ ደግሞ መንገድ ላይ እንዲተኛ ይደረግ፣ ተራ በተራ ነው። መስኮት መክፈት፣ ሙዚቃ መጮህ፣ ፊት መታጠብ ሁላችንም የምናደርገው ነው፣ ትንሽ ያነቃህና መልሶ ይጥልሃል።

ሲስተር ነኝ፦
ሰላም እህቴ። ስለ ጫቱና ቡናው ልመልስልሽ። ሁለቱም እንቅልፍን ያዘገያሉ እንጂ አይተኩም። ቡና ሰውነት ውስጥ በደንብ እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ ስለዚህ የግድ ከሆነ ቡናውን ጠጥቶ ወዲያው 20 ደቂቃ ያሸልብ፣ ሲነቃ ቡናውም ይደርስለታል። ይሄም ቢሆን ቀጣዩ ማረፊያ ድረስ እንዲያደርሰው ነው፣ ድንበሩ ጋላፊ ድረስ አይደለም። ጫቱ የባሰ ነው። ምርቃናው ላይ እያለ ድካሙን አያውቀውም፣ "ደህና ነኝ" ብሎ ያምናል፣ ምርቃናው ሲወርድ ግን የተጠራቀመው እንቅልፍ በአንዴ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ያኔ መሃል በረሃ ላይ ነው።

"ራሴን አውቃለሁ" የሚለው ነገር ደግሞ እዚህ ላይ አይሠራም። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ራሱን የመመዘን ችሎታውም ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1997 አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ብዙ አገሮች ለሹፌር ከሚፈቅዱት የአልኮል መጠን ጣሪያ ላይ እንደደረሰ ሰው ይሆናል፣ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ የለየለት ሰካራም ያህል ነው። ወንድምሽ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ እኩለ ሌሊት መሪ ላይ ከሆነ ራሱ ይቁጠረው። ለጥቂት ሴኮንድ የምትመጣ እንቅልፍ አለች፣ ሰውየው መተኛቱንም አያውቅም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየነዳ አራት ሴኮንድ ቢያሸልብ ያ ሁሉ ተሳቢ 90 ሜትር ገደማ ያለ ሹፌር ይሄዳል። ፍሬን እንኳ አይያዝም። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት በጣም ክፉው ጊዜ ነው፣ ከሰዓት በኋላም 8 እና 9 ሰዓት ላይ ሰውነት ይዝላል።

አንድ ልጠይቅሽ፣ ሲተኛ በኃይል ያንኮራፋል? ትንፋሹ ቆም ብሎ ደንግጦ እንደመንቃት ይለዋል? ከሆነ ሐኪም ይየው፣ ስምንት ሰዓት ቢተኛም ላይጠግብ ይችላል። የጉንፋን መድኃኒትም ሳይጠይቅ አይዋጥ፣ አንዳንዱ እንቅልፍ ያመጣል።

ተሳፋሪ፦
ከባድ መኪና ብቻ አይደለም እኮ። ከአዳማ ሌሊት 10 ሰዓት የሚነሱት ሚኒባሶች ላይ ሹፌሩ አንገቱ ዘንበል ሲል እያየን ዝም የምንል ብዙ ነን። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ያውራው፣ ካልሆነም "ወንድም፣ ሻይ እንጠጣ፣ አቁም" ይበል። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

ባለንብረት፦
እኔም መኪና አለኝ፣ ስለዚህ ከእኛ ወገን ያለውን ልናገር። ያን የሌሊት ስልክ የምንደውለው እኛ ነን። የባንክ ዕዳ አለ፣ መኪና ቆሞ ሲውል ያንገበግባል፣ ገባኝ። ግን ሹፌሩ እንቅልፍ አልጠገብኩም ቢለን ሌላ ሹፌር እናመጣለን ብሎ ስለሚፈራ አይናገርም፣ እኛም አንጠይቅም። አውሮፓ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ የማረፍ ግዴታ አለበት፣ መኪናው ላይ ያለው መሣሪያም ይመዘግበዋል። እኛ ጋ ከሹፌሬ ጋር የተስማማነው ቀላል ነው፦ አራግፎ ቤቱ ከገባ በኋላ እኔ አልደውልም፣ ተኝቶ ሲነሳ እሱ ይደውላል። ጭነቱን ለዚያ ሰዓት እይዝለታለሁ። አንዳንዴ ጭነት ያመልጠናል፣ ያምልጥ።

እህቱ ከአዳማ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሲስተር፣ ማንኮራፋቱ አለ፣ ጎረቤት ይሰማዋል፣ ትንፋሹን ግን ልብ ብዬ አላየሁትም፣ ዛሬ ማታ አየዋለሁ። ጋሼ፣ ባለንብረቱን እኔ ባናግረው ወንድሜን ሥራ አሳጣው ይሆን ብዬ እፈራለሁ።

የድሮ ሹፌር፦
አንቺ አትደውዪ፣ ያፍርብሻል። ረዳቱን ያዢ። መተሐራ ላይ የሆነውን አብሮ አይቷል፣ የራሱም ነፍስ እዚያው ጋቢና ውስጥ ናት። ሁለቱ አብረው ለባለንብረቱ "አዋሽ ላይ ቆመን እንተኛለን፣ ስልክ ባናነሳ እንዳትደነግጥ" ብለው ከመነሳታቸው በፊት ይንገሩት። ብዙ ባለንብረት አስቀድሞ ከተነገረው እሺ ይላል፣ የሚያበሳጨው መኪናው የት እንደቆመ ሳያውቅ ሲቀር ነው። እምቢ ካለ ደግሞ እዚህ ጻፊልኝ፣ አዳማ ውስጥ ሹፌር የሚፈልግ ደህና ባለንብረት አይጠፋም፣ አጠያይቅልሻለሁ።